ጋሼ ሽፈራው የመቃብር ድንጋይ ሲመርጡ

ሰው ሞትን ሲያስብ ነፍሱ የት እንደምታርፍ ይጨነቃል ይባላል። እኛ ዘንድ ይህን ጉዳይ ለቄሱና ለሼኹ ከተውነው ቆይቷል። የኛ ጭንቀት ሌላ ነው። ድንኳኑ በየት በኩል ይተከል? ባነሩ ላይ የሚወጣው ፎቶ የቱ ይሁን፣ ሟች ጸጉር በነበራቸው ጊዜ የተነሱት ነው ወይስ የአሁኑ? የሐዘንተኛው ቲሸርት ነጭ ይሁን ጥቁር? ቪዲዮ አንሺውስ አልቃሾቹን ከፊት ያንሳ ከጎን? በቀደም አንድ ቀብር ላይ ቪዲዮ አንሺው «ካሜራው አልያዘም ነበር፤ እስቲ አንዴ እንደገና» ብሎ የሟችን እህት ሲለምን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እሷም እሺ አለች። ሁለተኛው ለቅሶ ከመጀመሪያው አማረ።

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ወደ ደሴ ያለፈ ሁሉ ያውቃታል፤ ከጣርማ በር ብርድ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሹራቡን የሚያወልቅባት ከተማ ናት። እኛ ነዋሪዎቿ የምናወልቀው ሹራብ የለንም። ሙቀቱ ሁሉን ነገር ያጣድፋል። ጠዋት የተለቀመ ቲማቲም እስከ ማታ ገዢ ካላገኘ ወዳጅ አይደለም፤ ወተትም እንደዚያው፤ አፌን ይቁረጠውና ሬሳም እንደዚያው ነው። ሙስሊሙ ጎረቤታችን በሃይማኖቱም በፀሐዩም ምክንያት ሟቹን ለሚቀጥለው ሶላት አድርሶ ይገላገላል። ክርስቲያኑ ግን ልጆቹ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ይጠብቃል፤ ልጆቹ ደግሞ ባነሩ ታትሞ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ እኛ እዚህ የበረዶ ያለህ እያልን ከሆቴል ሆቴል እንዞራለን። ሟቹን የሚጠይቀው የለም እንጂ ቢጠየቅ የሚቸኩል ይመስለኛል።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የሰፈራችን ቅሬ ሙስሊም ክርስቲያን አይልም። መቃብሩ ለየብቻ ነው፤ አካፋው አንድ ነው። በዚህ ቅሬ ውስጥ የኔ ድርሻ የክርስቲያን ሟቾችን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በድምፅ ማጉያ ማንበብ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ ሌላ የሚችለው ሥራ የለም ብለው ሳይፈርዱብኝ አልቀሩም። ሥራው ቀላል ነው። ወንድ ከሆነ «ታታሪ፣ እንግዳ ተቀባይና ሰው አክባሪ ነበሩ» እላለሁ፤ ሴት ከሆነች «እጃቸው ለሰጪነት የተፈጠረ» እጨምራለሁ። ይህን ያህል ዘመን ስጽፍ በእጄ ላይ አንድም ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ክፉዎቹ ሁሉ በሕይወት አሉ ማለት ነው።

ወደ ጋሼ ሽፈራው ልምጣ። ጋሼ ሽፈራው የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰውነታቸው ከበድ ያለ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ ሹፌሩ ፊት ለፊት ያለውን ሳይሆን ጎማውን ነው የሚያየው። ጤናቸው ደህና ነው። የሞት አሳብ የገባባቸው በበሽታ አይደለም፤ በቅናት ነው። ባለ ወፍጮው ጎረቤታቸው ሞተና ልጆቹ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አንድ ሐውልት አቆሙለት፤ እብነ በረድ፣ ፎቶ፣ ዙሪያውን የብረት አጥር፣ አናቱ ላይ በፀሐይ የሚሠራ መብራት። ልብ በሉ፤ ባለ ወፍጮው ዕድሜ ልኩን «ዛሬም መብራት የለም» እያለ እህላችንን እየመለሰ የኖረ ሰው ነው። አሁን በከተማው መብራት የማይጠፋበት ብቸኛው ነዋሪ እሱ ሆነ።

ጋሼ ሽፈራው ይህን መብራት ማታ ከደጃቸው ሆነው ያዩታል። ማየት አላቃታቸውም፤ መርሳት ነው ያቃታቸው። «እኔ ስሞት ልጆቼ ምን ያደርጋሉ ብለህ ታስባለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፤ ለእናታቸው መድኃኒት ላኩ ሲባሉ እንኳ እርስ በርስ የሚገፋፉ ናቸው። ምን ልበል? ዓይኔን ወደ ባለ ወፍጮው መብራት መለስኩ። «እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት» አሉና የራሳቸውን ሐውልት በራሳቸው ዘመን ሊያሠሩ ቆረጡ።

ባለቤታቸው እትዬ አየለች ይህን ስትሰማ ቤቱ ተቀወጠ። የኩሽናው ጣሪያ ከተቀደደ ዘመን አልፎታል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ወጡ ውስጥ ዝናብ ይገባል። «ለኔ ቆርቆሮ ጠፍቶ ለሬሳህ እብነ በረድ ተገኘ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእራት ላይ ጣሪያ፣ በቁርስ ላይ ጣሪያ፣ ገበያ ሲውሉ ደግሞ በስልክ ጣሪያ ሆነ። ጋሼ ሽፈራው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ እሷ ልክ ነበረች፤ ግን ጎረቤት ስለሆንኩ ሁለቱንም ልክ ናችሁ እላቸው ነበር።

አሁን እንድሪስን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እንድሪስ ይህ ወሬ ወሬ አይሆንም። ጋሼ እንድሪስ ገበሬ ነበሩ። እርሻቸው ከጋሼ ሽፈራው እርሻ ጋር በአንድ የመስኖ ቦይ የሚጠጣ ነው። እሳቸው ማሾውን ያበቅላሉ፣ ጋሼ ሽፈራው ይሸጣሉ፤ በውሃ ተራ ይጣላሉ፣ በዚያው ቦይ ዳር ይታረቃሉ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው የኖሩት። ያ የጦርነቱ ክፉ ጊዜ መጥቶ ከተማው ወና የሆነ ለት ሁለቱም አልሸሹም፤ አንድ ለት በአንዱ ግቢ፣ ሌላ ለት በሌላው ግቢ እያደሩ ቤታቸውን ጠበቁ። ያን ሰሞን ስንቱ ሰው ስሙን በማያውቅ ሰው እጅ ተቀበረ። እነሱም አይተዋል። አንድ ቀን ከማንጎው ሥር ተቀምጠን ሳለ ጋሼ እንድሪስ ድንገት ተነሥተው «ሽፈራው፣ እኔ ብቀድም አንተ ተሸክመህ ታወጣኛለህ፤ አንተ ብትቀድም እኔ። የማያውቀን ሰው አይሸከመን» አሉ። ጋሼ ሽፈራውም «ወላሂ» ብለው ማሉ፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ለእንድሪስ ሲምሉ እንደዚያ ነው የሚምሉት።

እንግዲህ እኔ ከሰማኋቸው የቀብር ዝግጅቶች ሁሉ ድንኳን የሌለበት፣ ባነር የሌለበት፣ ማንም የማይከፈልበት ይህ ብቻ ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን ልንወጣ በዋዜማው ማምሻ ላይ ጋሼ እንድሪስ መጡ። ለምን ደብረ ብርሃን? ጥሩ እብነ በረድ ጠራቢ አለ ተብሎ ነዋ። እኔ ደግሞ ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ቃል አርም ዘንድ ተጠርቻለሁ። ጋሼ እንድሪስ ፊታቸው ገርጥቷል፤ «ትኩሳት ቢጤ ነው፣ ወባ ናት» አሉ። እኛ አገር ወባ እንደ ጉንፋን ነው፤ ማንም ብድግ አላለም። ይልቅ ወደ ሐውልቱ ወሬ ገቡ።

«እና ሽፈራው፣ ጣሪያም ይኖረዋል አሉ?»

«ታዲያስ! ጥላ ከሌለው በዚህ ሐሩር ማን መጥቶ ይቆምልኛል?»

«እሱስ ልክ ነህ፤ ፍየሉ በሙሉ መጥቶ ይተኛበታል። እብነ በረድ ይቀዘቅዛል።»

«አንተ ቀልድ። ያንተ እኮ ራስጌው አንድ ድንጋይ፣ ግርጌው አንድ ድንጋይ ነው። ሁለት ክረምት ሲዘንብበት የት እንደነበርክም አይታወቅ!»

«አይታወቅ! ቦታ መልቀቅ አይደለም እንዴ? ስንቱ ተራውን እየጠበቀ» አሉ ጋሼ እንድሪስ፤ ሳቃቸውን ሳል ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ረጋ ብለው «ነገ ባትሄድስ? የውሃ ተራችን ነው፤ እኔ የምችል አልመሰለኝም» አሉ። ጋሼ ሽፈራው ጥቁሩ ድንጋይ እያለቀ ነው መባሉን ሰምተው ነበርና «ከማል ያጠጣልሃል፤ ነገ ማታ መጥቼ አጫውትሃለሁ» አሏቸው። ከማል የጋሼ እንድሪስ ትልቁ ልጅ ነው፤ እሱም የልጆች አባት ነው። ጋሼ እንድሪስ «እሺ፣ በሰላም ግባ» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ በሌሊት ልብሳችንን እንደለበስን፣ ማለት በሸሚዝ፣ በሚኒባስ ወጣን። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ስንወጣ ጭጋጉ ተቀበለን፤ ጋሼ ሽፈራው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው «ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል?» አሉ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። የድንጋይ ጠራቢው ግቢ መንገድ ዳር ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ሠርግ የተጠራ ይመስላል፣ ነጭና ጥቁር ሐውልት ተሰልፎ መንገደኛውን ያያል።

ሻጩ ትሕትናው ለጉድ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀረበ።

«ሟች ለርስዎ ምንዎ ናቸው?»

«እኔው ነኝ» አሉ ጋሼ ሽፈራው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ ሰውየው፣ ከልማድ።

«አሜን» አሉ፣ እሳቸውም ከልማድ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለሁለቱም ገባቸውና ትንሽ ተያዩ። ሻጩ ግን ነጋዴ ነው፤ ቶሎ አገገመ። እንዲያውም ደስ አለው፤ ለካ ዕድሜ ልኩን ሲመኝ የኖረው ደንበኛ ይህ ነበር፤ የሚጨቃጨቅ ሐዘንተኛ ዘመድ ያላስከተለ፣ ባለ ጉዳዩ ራሱ የሆነ። እየዞረ ያሳየን ጀመር። ባለ መስቀሉ አለ፤ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ የተሠራው አለ፤ ይህኛውን ፊደል ቆጥረው የማያውቁ ሰዎች አብዝተው ይወዱታል አለን። ለባልና ሚስት ጎን ለጎን የተዘጋጀውም አለ፤ «ለባለቤትዎም አብረው ቢያስቡ» ሲላቸው ጋሼ ሽፈራው ደንግጠው «ኧረ ተው! ይህን ከሰማች እኔን ብቻዬን ነው የምትከተኝ፣ ያውም ዛሬውኑ» አሉት። ጥቁሩን ድንጋይ እየደባበሰ ቀለሙ እንዳይለቅ ዋስትና እንደሚሰጥ ነገረን። ቀለሙ የለቀቀ እንደሆነ ማን መጥቶ ይከሰዋል ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት።

ጣሪያው ላይ ሲደርሱ አልተግባቡም። ጋሼ ሽፈራው ክፈፉ ሰፊ፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ያለው ጣሪያ ነው የፈለጉት። ደገኛው «ጌታዬ፣ እኛ እኮ ፀሐይ እንዲያገኘው ነው የምንደክመው» ይላል። «አንተ ፀሐይ አታውቅም» ይሉታል እሳቸው። ፎቶ ሲጠየቁ ከኪሳቸው ያወጡት ጎፈሬ ያበጠረ ጎረምሳ ነው። «በዚህ ማን ያውቅዎታል?» አልኳቸው። «እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። የተወለዱበት ቀን ተጻፈ። የሞቱበት ቀን ጋ ሲደርስ ሻጩ ብዕሩን አንሥቶ ቀና አለ። «ክፍት ተወው፤ ደግሞ ሰፋ አድርገህ ተው» አሉት፣ ቦታው ሰፋ ካለ ዕድሜውም የሚሰፋ ይመስል።

በዚህ ሁሉ መሐል ስልካቸው ይጮኻል። አውጥተው ያያሉ፤ «አየለች ናት፤ ጣሪያው ነው» ይሉና ይመልሱታል። እንደገና ይጮኻል። «ጣሪያው!» ይላሉ። ሻጩ እንኳ ገብቶት ፈገግ ማለት ጀመረ። በመጨረሻ «ሰው የመጨረሻ ቤቱን እንኳ በሰላም አይመርጥም?» ብለው ስልኩን አጠፉት። የኔ ስልክ ደግሞ ሐውልት በሐውልት ላይ ፎቶ ሳነሳ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። እንዲህ ሆነን፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዓለም ተቆራርጠን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን «እንግዳ ተቀባይ» የሚለው ከ«ታታሪ» በፊት ይሁን በኋላ እያልን ተከራከርን።

ስንመለስ ዋሻው አፍ ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶ ጠበቀን። ጋሼ ሽፈራው ግን ደስታቸው ወሰን የለውም፤ በቆሎ ጠብሰው በሚሸጡ ሴቶች ምድጃ ዙሪያ እየተሟሟቁ አንድ ጋበዙኝ። «እንድሪስ ይስቃል ይስቃል፣ ግን ታያለህ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ከሁሉ ቀድሞ የሚቀመጠው እሱ ነው» አሉኝ። «እኔ ተኝቼ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ውሃ ተራ ይነዘንዘኛል።» ሐሳቡ በጣም ጣማቸው። እኔም ታየኝና ሳቅሁ። መንገዱ ሲከፈት ፀሐይዋ ቁልቁል ማዘንበል ጀምራ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ወረድን። ሙቀቱ እንደ ዘመድ አቀፈን። አንድ የምናውቀው ባጃጅ ነጂ ከሩቅ አይቶን መጣና ያለወትሮው ወርዶ ቆሞ «ጋሼ፣ ቀጥታ ወደ መቃብሩ ላድርስዎት?» አላቸው።

ጋሼ ሽፈራው የሐውልቱ ወሬ ከተማውን አዳርሶ መቀለጃ የሆኑ መሰላቸው። ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ኮራ ብለው «ምን አስቸኮለህ! ድንጋዩ ገና አልተጠረበም» ብለው ሳቁ።

ሰውየው አልሳቀም። እኔን አየኝ፤ እኔም የማውቀው ነገር የለም። «ጋሼ እንድሪስን ማለቴ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ረፋዱ ላይ አረፉ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። አልሰሙም እንዴ? እትዬ አየለች ስትደውልልዎት ነው የዋለችው።»

እናንተዬ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ መርዶ አይቻለሁ፤ ጽፌም አንብቤም አውቃለሁ። የባጃጅ በር ይዞ የቆመ ሰው ግን እንደዚያ ለት አይቼ አላውቅም። አላለቀሱም። ስልካቸውን አወጡና ከፈቱት፤ አሁን ቢከፈት የሚመልሰው ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ባጃጁ ውስጥ ገቡ፤ ያ ሁሉ ሰውነት ገብቶ ባጃጁ ያን ቀን አልተንገዳገደም።

የሙስሊሙ መቃብር ስንደርስ አብዛኛው ሰው ተበትኗል። ከማልና ጥቂት የቅሬ ሰዎች አሉ፤ የኛው ጎረቤት ክርስቲያኖችም አካፋቸውን ጥለው ጥላ ፍለጋ ግራሩ ሥር ተጠግተዋል። አዲሱ አፈር ገና እርጥብ ነው። ራስጌው አንድ ድንጋይ፣ ግርጌው አንድ ድንጋይ። ጋሼ ሽፈራው መካከሉ ላይ ቆመው ወደ ራስጌው ልሂድ ወደ ግርጌው እንዳሉ ግራ ገባቸው።

«ከማል፣ አልጠበቃችሁኝም» አሉ። ወቀሳ አልነበረም፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ነው የመሰለኝ።

«ጠበቅንዎት ጋሼ። ኢማሙን ለምነን ትንሽ አቆየን። ፀሐዩ እምቢ አለን» አለ ከማል።

«ማን ተሸከመው?»

«እኛው ነን። ሁላችንም ተራ በተራ» አለ ከማል። «እኔ የራሴን ተራ ተሸክሜ ስጨርስ፣ ዞሬ ደግሞ በዚያ ጎን የርስዎን ተሸከምኩ። ‹ይቺ የጋሼ ሽፈራው ናት› ብዬ ተናግሬ ነው የገባሁት፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ሽፈራው የተቀመጡት። አፈሩ ላይ፣ ደብረ ብርሃን በሄዱበት ሱሪያቸው፣ ዝርግፍ ብለው። ለቅሷቸው ድምፅ አልነበረውም፤ ቪዲዮ አንሺ ቢኖር ኖሮ «አልያዘም» ባለ ነበር። እኔም ፊቴን አዞርኩ፤ ዐይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ብል አታምኑኝም፣ ስለዚህ አልልም።

ኋላ ቀና ብለው «ከማል፣ እንግዲህ እኔ ስሄድ የአባትህን ተራ የሚሸከም አንተ ነህ» አሉት።

ከማል ከላይ እስከ ታች ተመለከታቸው። ያ የማሾ ነጋዴ ትከሻ፣ ያ ሆድ። የአባቱ ልጅ ነውና ሐዘኑ ቀልዱን አላስጣለውም። «ኢንሻአላህ ጋሼ፤ የራሴንም የሱንም እሸከምዎታለሁ። ከነእብነ በረድዎ ግን አልችልም» አለ። ግራሩ ሥር ያሉት ሰዎች ሳቁ፣ ጋሼ ሽፈራውም እንባቸው እየወረደ ሳቁ፣ እኔ ደግሞ በመቃብር ስፍራ መሳቅ ነውር ነው እያልኩ አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሐውልት የተነሣ ነገር የለም። ጋሼ ሽፈራው ለቅሶው ቤት እንደ ቤተሰቡ ከበሩ ፊት ተቀምጠው እንግዳ ሲቀበሉ ሰነበቱ፤ የውሃውን ተራ ደግሞ ራሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው አጠጡ። እትዬ አየለች ጣሪያዋን አገኘች፤ ያውም ሳትጠይቅ፤ ለምን አሁን ተሰጠኝ ብላ እስካሁን ትጠራጠራለች። እኔንም በጓሮ በኩል ጠርታ «ምን በደልኩ ብሎ ነው?» አለችኝ። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ሲከለከልም ይጨቃጨቃል፣ ሲሰጠውም ይደነግጣል።

ድንጋዩ ግን ተጠርቧል። ሻጩ ደጋግሞ ደወለ፤ «እዚያው ይቆይ» ተባለ። እሱ ደግሞ ነጋዴ አይደል? ሥራው አምሮለታል፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ጎፈሬ ያበጠረ ጎረምሳ፣ ከሥሩ በወርቅ ቀለም «ታታሪ፣ እንግዳ ተቀባይና ሰው አክባሪ»። ለናሙና ይሁነኝ ብሎ ከሁሉ ፊት፣ መንገዱ ዳር አቆመው። ያ መንገድ ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አጣዬ፣ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ከአውቶቡስ መስኮት ሆኖ ስም ይነበባል፣ ፎቶ ይታያል፤ የሞተበት ቀን ክፍት መሆኑን ግን ማን ልብ ይላል?

መጀመሪያ የወረደችው የአክስታቸው ልጅ ደስታ ናት። አጣዬ ነው የምትኖረው፤ ጋሼ ሽፈራው ቤት ከመጣች እነሱም የረሱት ዘመን ሆኗል። ከአዲስ አበባ ስትመለስ ያንን ጎፈሬ በመስኮት አየችው፤ እሷስ በደንብ ታውቀዋለች፣ አብረው ነው ያደጉት። ዋሻውን እያለቀሰች አለፈች፣ ቁልቁለቱን እያለቀሰች ወረደች፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ «ወንድሜን! ሳላይህ ወንድሜን!» እያለች ደረቷን እየደቃች መንደሩን አቋርጣ መጣች። እኔ ከጋሼ ሽፈራው ጋር በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ ማሾ እየለቀምን። ለቅሶውን ስንሰማ ቅሬተኛ ነንና ሁለታችንም ብድግ አልን። ጋሼ ሽፈራው ቀድመው በሩን ከፈቱና አዝነው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ማን ነው የሞተው?» አሏት።

ቀና ብላ አየቻቸው። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ ያወጣችው ስድብ ነው፤ አልጽፈውም። ጋሼ ሽፈራው አልተቆጡም፤ ክንዷን ይዘው አነሧት፣ ነጠላዋን አራገፉላት፣ ጥላው ሥር አስቀመጧት። ዋሉ፤ ያደጉበትን መንደር እያነሡ እየጣሉ፣ አንዴ እያለቀሱ አንዴ እየሳቁ ዋሉ። ማታም አልሄደችም።

ከሷ በኋላም ሌሎች መጥተዋል። በየሳምንቱ አንድ ዘመድ ወይም የድሮ ወዳጅ እያለቀሰ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ በሩ ላይ ሟቹን ያገኛል፣ ይሰድባል፣ ይገባል፣ ይውላል። እትዬ አየለች አቅቷታል። «ኧረ ያን ድንጋይ ከመንገድ ላይ አስነሣው፤ በሕይወት እያለህ ለቅሶ ማስተናገድ ሆነ እኮ ሥራዬ!» ትላለች።

«ተይው አየለች፣ እኔ ለእንድሪስ አርፍጄ ደርሼ አይቼዋለሁ» ይሏታል። «እነዚህ ሳለሁ እየመጡ ነው።»